ቅጹ ከመሞላቱ በፊት የተሰረዙት ምርጫዎች

ጥያቄ፦ «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ የተማሪዎች ምክር አገልግሎትም ተደርቦልኛል። ኮሌጅና የትምህርት መስክ ሲመርጡ ምን እንደሚገፋፋቸው ለማወቅ ለ40 ተማሪዎች መጠይቅ በተንኩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ‹የራሴ ፍላጎት› የሚለውን ከላይ፣ ‹ቤተሰብ› እና ‹ገንዘብ› የሚሉትን ከታች አደረጉ። የማመልከቻ ቅጻቸው ግን ሌላ ይናገራል፤ አብዛኞቹ ያንኑ ሦስት አራት መስክ ነው የሞሉት። ዋሽተውኝ ነው? በእርግጥ የሚወስነው ምንድን ነው? እኔስ የት ላይ ብገባ ይጠቅማል?»

ምላሽ፦

ውድ መምህር፣ ተማሪዎቹ አልዋሹዎትም። መጠይቁ የደረሳቸው ዋናው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ተማሪ ለዓመታት አማራጮችን አንድ በአንድ እየሰረዘ ይመጣና መጨረሻ ላይ በተረፉት ጥቂቶች መካከል ይወስናል። በተረፉት መካከል ሲወስን በእርግጥም ፍላጎቱን ይከተላል፤ «የራሴ ፍላጎት» ሲል እውነቱን ነው። ቤተሰብ፣ ገንዘብ፣ ውጤትና ርቀት ሥራቸውን የሠሩት ግን ከዚያ በፊት ሌሎቹን ሲያስወጡ ነው። «ይህን ለምን መረጥህ?» ብለው ከጠየቁ የተረፈውን ይሰማሉ። «ምን ምን አስበህ ተውክ? መቼ? በምን ምክንያት?» ካሉ ግን የፈለጉትን ያገኛሉ።

ይህን መንገድ በደረጃ ከፍለው ካሳዩት መካከል ዶን ሆስለርና ካረን ጋላገር ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ባቀረቡት ሞዴል ምርጫው ሦስት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ «ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ እማራለሁ ወይ?» የሚለው ዝንባሌ፣ ቀጥሎ አማራጭ ማፈላለግ፣ በመጨረሻ መወሰን። በየደረጃው ጉልበት ያለው ነገር ይለያያል። በመጀመሪያው ላይ የወላጆች የትምህርት ደረጃ፣ ከልጁ የሚጠብቁት ነገርና የልጁ ውጤት ይበረታሉ። በሁለተኛው ላይ ልጁ በዙሪያው የሚያገኘው መረጃ፣ መምህራኑና ከእሱ ቀድመው የተማሩ ሰዎች ይመጣሉ። ክፍያ፣ ርቀትና የመግቢያ ነጥብ ጎልተው የሚታዩት በሦስተኛው ነው። የእርስዎ መጠይቅ የያዘው የሦስተኛውን ደረጃ መጨረሻ ብቻ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ ሰፊውን በር የሚዘጋው፣ ማንም የኮሌጅ ምርጫ ብሎ የማይጠራው ውሳኔ ነው፤ ሒሳብን መተው። ከከፍተኛው የሒሳብ ክፍል የወጣ ወይም ሒሳብን «ለማለፍ ያህል» መማር የጀመረ ተማሪ፣ በዚያው ቀን ምህንድስናን፣ ኮምፒውተር ሳይንስን፣ ፊዚክስን፣ ስታቲስቲክስንና አብዛኛውን ኢኮኖሚክስ ትቷል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ «ምህንድስና ለምን አልመረጥሽም?» ብትባል «አልፈልገውም» ትላለች፤ ልክ ናት፣ ያኔ ከልቧ ወጥቷል።

ለምን ተወችው የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አማካሪ በቀላሉ ሊያርመው የሚችለው ስህተት እዚህ አለ። ሮበርት ሌንት፣ ስቲቨን ብራውንና ጌይል ሃኬት እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት የሙያ ምርጫ ንድፈ ሐሳብ፣ የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ ስለ «እችላለሁ» ባይነት ያስተማረውን ተከትሎ፣ ፍላጎት ራሱ «እችለዋለሁ» እና «ይጠቅመኛል» ከሚሉ ሁለት እምነቶች እንደሚበቅል ያስረዳል። ተማሪ የማይችለው የሚመስለውን ነገር መውደድ ያቆማል። «እችላለሁ» የሚለው እምነት ደግሞ ከነጥብ በቀጥታ አይመጣም፤ ከንጽጽር ነው። ኸርበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳሳየው ተማሪ ራሱን የሚመዝነው በሁለት ሚዛን ነው፦ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር፣ እንዲሁም አንዱን የራሱን ትምህርት ከሌላው ጋር። በሒሳብ 78፣ በቋንቋ 92 ያመጣች ልጅ «እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም» ትላለች፤ በሒሳብ 78፣ በቋንቋ 60 ያመጣው ልጅ በዚያው 78 «ሒሳብ ነው የኔ» ይላል። ሁለቱም ለአንድ መስክ በእኩል ብቁ ናቸው፤ አንዷ ግን ሰርዛዋለች። በጣም ጎበዝ ተማሪዎች የተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ያለ ልጅም ራሱን ከሚገባው በታች ይገምታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ ይህ ነው፦ የእያንዳንዱን ተማሪ የሁለት ዓመት ውጤት በየትምህርቱ ይያዙ፤ አጠገቡ መስኩ በእርግጥ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ነጥብ ይጻፉ፤ ልጁ «አልችለውም» ያለውን ክበብ ያድርጉበት። ነጥቡ ከሚጠየቀው በላይ ሆኖ ክበብ ያለበትን ልጅ ለብቻው ያነጋግሩ። «ጎበዝ ነሽ» ማለት ብዙ አይረዳም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ይረዳል። ይህ የሚሠራው ሒሳቡ ከመተዉ በፊት፣ ማለትም ከማመልከቻው ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ነው።

ወደ ቤተሰብ እንምጣ። መጠይቅ ላይ «ቤተሰብ ተጽዕኖ አድርጎብሃል?» ሲባል ልጁ የሚያስበው ትእዛዝን ነው፤ አባቴ አስገድዶኛል ወይ? አልተገደደምና «የለም» ይላል። የቤተሰብ ጉልበት ግን በአብዛኛው ትእዛዝ የለበትም፤ ቤት ውስጥ የሚታወቀውና የማይታወቀው ነገር ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በቺሊ፣ በክሮኤሺያ፣ በስዊድንና በአሜሪካ መረጃ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የመግቢያ ነጥብን በጥቂቱ አልፈው የገቡ ታላላቆችን በጥቂቱ ጎድሏቸው ከቀሩት ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱ ወገኖች ከዚያች ጥቂት ነጥብ በቀር አንድ ዓይነት ናቸው፤ የገቡት ታላላቆች ታናናሾች ግን ያንኑ ተቋም ይበልጥ መረጡ። የቤተሰቡ ሀብትና ጠባይ እኩል በመሆኑ ልዩነቱን ያመጣው የታላቁ መግባት ራሱ ነው። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር፦ ታላቅ የሌላቸውን የበኩር ልጆችና በቤታቸው ኮሌጅ የገባ ሰው የሌለባቸውን ልጆች ለይተው ይያዙ። ሌሎቹ በማዕድ ላይ የሚሰሙትን እነሱ የሚሰሙት ከእርስዎ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከቤት ውጪ ያለ አርአያም እንዲሁ ይሠራል፣ ያውም በአጭር ጊዜ። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በተደረገና ካትሪን ፖርተርና ዳኒላ ሴራ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከኢኮኖሚክስ ክፍል የተመረቁ ሁለት ሴቶች የመግቢያ ኮርስ ወደሚሰጥባቸው ክፍሎች መጥተው ለአጭር ጊዜ ስለ ሥራቸው ተናገሩ። በእነዚያ ክፍሎች ኢኮኖሚክስን የመረጡ ሴት ተማሪዎች ድርሻ በ8 መቶኛ ነጥብ ከፍ አለ። ተናጋሪ ሲጋብዙ ታዲያ የሚሳሳቱበት ቦታ አለ፦ የ50 ዓመት ስመ ጥር ሰው ይጠራና ተማሪው በአድናቆት ሰምቶ ይወጣል፣ ራሱን ግን እዚያ አያይም። ከተመረቀ ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆነው፣ ከተማሪዎቹ መካከል ለሚበዙት በጾታም በኑሮም የሚቀርብ፣ አንድ ተራ የሥራ ቀኑን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስረዳ ሰው ይሻላል። 15 ደቂቃ ንግግር፣ 30 ደቂቃ ጥያቄ።

ገንዘብን በተመለከተ ደግሞ ከክፍያው መጠን ባልተናነሰ ተማሪን የሚያርቀው ስለ ክፍያው ያለው እርግጠኛ አለመሆን ነው። በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ጥሩ ውጤት ላላቸው ተማሪዎች «ከተቀበልንህ የትምህርት ክፍያ አትከፍልም» የሚል ደብዳቤ በቤታቸው ተላከ። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ቢያመለክቱ ያንኑ ድጋፍ ያገኙ ነበር፤ ደብዳቤው የጨመረው እርግጠኝነትን ነው። ደብዳቤው ከደረሳቸው 68 በመቶ አመለከቱ፣ ካልደረሳቸው 26 በመቶ፤ የገቡት ደግሞ 27 በመቶ ከ12 በመቶ ጋር ነው። ትንንሽ እንቅፋቶችም እንዲሁ ያስቀራሉ። እዚያው አሜሪካ፣ የገንዘብ ድጋፍ ቅጹን አንድ ባለሙያ አብሯቸው የሞላላቸው ቤተሰቦች ልጆች ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው በ8 መቶኛ ነጥብ ጨመረ፤ መረጃውን በወረቀት ብቻ የተቀበሉት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። መረጃ ከመስጠትና አብሮ ተቀምጦ ከመሙላት የትኛው እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚነግር የለም። ጊዜዎ ጠባብ ከሆነ በራሪ ወረቀቱን ትተው ቅጹን አብረው ይሙሉ።

ለቤተሰብ የሚያሳዩት ስሌት የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ብቻ ከሆነ ያሳስታል። የትምህርት ክፍያ፣ የምዝገባና የላቦራቶሪ ክፍያ፣ መጻሕፍትና መሣሪያ፣ መኖሪያ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፤ ይህ ሁሉ ለአንድ ሙሉ ዓመት ተደምሮ በትምህርቱ ዓመታት ይባዛል። አንድ ዓመት ቢጨመርስ የሚለውም በሌላ መስመር ይሰላል፤ ኮርስ መድገም የሚበዛባቸው መስኮች አሉና። ከድምሩ የሚቀነሰው የማይመለስ ድጋፍ ብቻ ነው፤ ብድር ለብቻው ይጻፍ። ነፃ የትምህርት ዕድል ካለ፣ የሚሰጠው ለመጀመሪያው ዓመት ነው ወይስ እስከ ምረቃ? በየትኛው አማካይ ነጥብ ይቋረጣል? በጣም የሚያሳዝነው ክስረት እዚህ ነው፦ ልጁ ለአንድ ዓመት ብቻ የተሰጠ ድጋፍን ለአራት ዓመት ቆጥሮ ይገባና በሁለተኛው ዓመት ያቋርጣል።

ስለ ደመወዝ ተማሪዎች ብዙ ያወራሉ፣ የሚያውቁት ግን ጥቂት ነው። ማቲው ዊስዎልና ባሲት ዛፋር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥናት ሁለት ነገር አሳየ። የተማሪዎቹ የደመወዝ ግምት ከእውነታው ይርቅ ነበር፣ ትክክለኛው ሲነገራቸውም ግምታቸውንና በመጠኑም ምርጫቸውን አስተካከሉ። ያም ሆኖ ከደመወዝ ይልቅ መስኩን መውደዳቸው ነው ይበልጥ የከበደው። ስለዚህ ደመወዝን መንገር ይጠቅማል፣ ተአምር ግን አይጠበቅበትም። ሲነግሩ አማካዩን ብቻ አይንገሩ። በአንዳንድ መስኮች ጥቂት በጣም ባለጸጎች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል፤ ከተመራቂዎቹ የታችኛው ሩብ ምን ያገኛል፣ ስንቱስ በተማረው መስክ ሥራ ያዘ የሚሉት ይበልጥ ያስረዳሉ።

እዚህ ላይ ቤተሰቦች አጥብቀው የሚይዙት አንድ ቅደም ተከተል አለ፦ መጀመሪያ ስመ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ በነጥቡ የተገኘው መስክ። ማስረጃው ወደ ሌላ ያዘነብላል። በኖርዌይ የማመልከቻ መረጃ ላይ ኪርከቦን፣ ሌቨንና ሞግስታድ የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በኋላ ገቢ ላይ ይበልጥ የሚለየው መስኩ መሆኑን፣ ተማሪን ይበልጥ አጣርቶ የሚቀበል ተቋም መግባት የሚጨምረው ግን ከዚያ ጋር ሲተያይ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገርም እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ተመሳሳይ ተቋማት ያመለከቱ ተማሪዎችን ሲያነጻጽሩ ስመ ጥሩ ተቋም የሚጨምረው ገቢ ለአብዛኞቹ ጠፋ፤ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡት ግን ጥቅሙ ሳይጠፋ ቆየ። ያንን ልዩነት አይርሱት፤ ምክንያቱ ምናልባት ይህ ነው፦ ቤቱ ሥራ የሚያስገኝ ግንኙነት ያለው ልጅ ከተቋሙ ስም የሚያተርፈው ጥቂት ነው፣ ቤቱ ግንኙነት የሌለው ልጅ ግን ብዙ ያተርፋል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ምክር አይሆንም።

የፍላጎት ፈተና ልስጥ ወይ ብለው ማሰብዎ አይቀርም። በብዛት የሚሠራበት የጆን ሆላንድ ነው፤ ሰውንም ሥራንም በስድስት ዓይነት ይከፍላል፦ በእጅና በመሣሪያ የሚሠራ፣ የሚመራመር፣ ኪነ ጥበባዊ፣ ሰውን የሚረዳ፣ የሚያስተባብርና የሚሸጥ፣ መዝገብና ሥርዓት የሚይዝ። ይስጡት፣ ግን ውሳኔ አያድርጉት። ፈተናው የሚለካው ልጁ እስካሁን ያየውን መውደዱን ነው፤ ላቦራቶሪ ገብቶ የማያውቅ ልጅ «መመራመር እወዳለሁ» አይልም። ሌላው ስህተት የመስኩን ስም ከይዘቱ ጋር ማምታታት ነው። ሰውን ማዳመጥ ስለሚወድ ሳይኮሎጂ የገባ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ይጠብቀዋል። ኮምፒውተር መነካካት ስለሚወድ ኮምፒውተር ሳይንስ የገባ የሒሳብ ማረጋገጫ ይጽፋል። መከራከር ስለሚወድ ሕግ የገባ አብዛኛውን ጊዜውን በንባብ ያሳልፋል። ፍቱኑ ዘዴ ርካሽ ነው፦ የመስኩን የሦስተኛ ዓመት የኮርስ ዝርዝር ያምጡ፤ ልጁ አምስቱን ኮርሶች በራሱ ቃላት ያስረዳ፤ ከአንዱ ኮርስ አንድ ምዕራፍ ያንብብ። የመጀመሪያው ዓመት በብዙ መስኮች ስለሚመሳሰል አይለይም። ሦስተኛው ዓመት ነው እውነቱ። እንደ ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ ነርሲንግ ወይም ሕግ የሙያ ፈቃድ ለሚጠይቅ መስክ፣ ተቋሙ ዕውቅና አለው መባሉ አይበቃም፤ ያ ፕሮግራም በፈቃድ ሰጪው ዘንድ ተቀባይነት እንዳለው ለየብቻ ይጣራ።

አሁን መጠይቁን እናስተካክል። አንደኛ፣ ከምርጫ ዝርዝር አይጀምሩ። ባዶ ወረቀት ይስጡና ተማሪዎቹ ባለፉት ሦስት ዓመታት ያሰቧቸውን መስኮችና ተቋማት ሁሉ ይጻፉ፤ የተዉትን ይሰርዙ፤ በእያንዳንዱ ስርዝ አጠገብ መቼ፣ ከማን ሰምተው ወይም ምን ሆኖ እንደተዉት አንድ መስመር ይጨምሩ። ሁለተኛ፣ «ምን ያህል አስፈላጊ ነው? ከ1 እስከ 5» የሚለውን ይተዉት፤ ሁሉም ነገር 4 እና 5 ይሆናል፣ ምክንያቱም ለማንም ምንም አያስከፍልም። በምትኩ ካርድ ያዘጋጁ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ አራት ነገር ይጻፋል፦ መስክ፣ የተቋም ዓይነት፣ ከቤት ያለው ርቀት፣ የዓመት ወጪ። ሁለት ሁለቱን እያቀረቡ «የቱን?» ይበሉ፤ ከ8 እስከ 12 ጥንድ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ይሰለቻሉ። በሁሉ ነገር የሚበልጥ ካርድ አያስገቡ፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መስጠት አለበት። ከዚያ መቁጠር ነው፦ የሚወደው መስክ ርቆ ሲመጣ ስንት ጊዜ ወሰደው? ስንት ጊዜ ለቅርቡ ሲል ተወው? ለ40 ተማሪ የተወሳሰበ ስሌት አያስፈልግም፣ አያስተማምንምም። ሦስተኛ፣ ወላጅ ባለበት ወይም ጓደኛ በሚያይበት አያስሞሉ፤ ለሰው ዓይን ሲባል የሚጻፈው «ፍላጎቴ» የሚበዛው እዚያ ነው።

የመጨረሻው ነገር ቅጹ ነው፤ ጥሩ ተማሪ በቅጽ ቅደም ተከተል ብቻ ይቀራልና። ማዕከላዊ ምደባ በሚደረግበት ቦታ ሁሉ አንድ ጥያቄ ለመዳቢው አካል ያቅርቡ፦ «አንድን መስክ ሁለተኛ ያደረገ ባለ ከፍተኛ ነጥብ ተማሪና አንደኛ ያደረገው ባለ ዝቅተኛ ነጥብ ተማሪ ቢገናኙ፣ ቦታው የማን ነው?» መልሱ «የባለ ከፍተኛ ነጥቡ» ከሆነና በቅጹ ላይ የፈለጉትን ያህል መሙላት ከተቻለ፣ ምደባው ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሌይ እ.ኤ.አ. በ1962 ካስረዱት ዘዴ ጋር ይቀራረባል፤ ያኔ ልጁ በእውነተኛው ፍላጎቱ ቅደም ተከተል ይሙላ፤ ከፍ ያለውን ከላይ ማድረጉ ከታች ያለውን አያሳጣውም። መልሱ «አንደኛ ያደረገው ይቀድማል» ከሆነ የአንደኛው መስመር ውድ ነው። በእሱ ላይ የማይደረስበትን መሙላት ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ያሳጣል፣ ሲደርሱ ሞልተው ይጠብቃሉና። የቅጹ መስመር ውስን ከሆነ ደግሞ በየትኛውም ዘዴ ቢያንስ አንድ አስተማማኝ ምርጫ ይግባ።

ተማሪው ለየተቋማቱ ለየብቻ የሚያመለክት ከሆነ 7 ወይም 8 ምርጫ ይበቃል፦ ሁለት ከነጥቡ ከፍ ያሉ፣ ሦስት ወይም አራት የሚመጥኑት፣ ሁለት አስተማማኝ። «አስተማማኝ» የሚባለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፤ የልጁ ነጥብ ካለፉት ሦስት ዓመታት መቁረጫ ነጥብ ሁሉ ሲበልጥ፣ ወጪው ያለ ተጨማሪ ድጋፍ ሲቻል፣ ልጁም ሌላው ቢቀር በእርግጥ የሚገባበት ሲሆን። ሦስተኛው ይረሳና ልጁ የማይፈልገው ቦታ ላይ ይወድቃል። ያለፈው ዓመት መቁረጫ ነጥብ ብቻውን አያስተማምንም፤ የአመልካቹ ብዛትና የተከፈተው ቦታ ሲገናኙ የሚወጣ ቁጥር እንጂ አስቀድሞ የተቀመጠ መስፈርት አይደለም። ተማሪው መጀመሪያ ወደ ተቋሙ ገብቶ ክፍሉ ከአንደኛው ዓመት በኋላ የሚመደብ ከሆነም ምርጫው ሁለት ጊዜ ነው የሚደረገው። የሚፈልገው ክፍል ባለፉት ዓመታት በስንት አማካይ ነጥብ እንደተዘጋ ከመግባቱ በፊት ይጠይቅ፤ ካልደረሰው ክፍል መቀየር ይቻል እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነም ጭምር።

«የት ላይ ብገባ ይጠቅማል?» ላሉት፦ የዘንድሮ አመልካቾች ላይ ቅጹንና የወጪውን ስሌት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያመለክቱት ላይ ደግሞ የነጥቡን ሠንጠረዥ ይዘው ይግቡ። የስርዞቹን ወረቀቶች ሲሰበስቡ በመስክ ሳይሆን በምክንያት ይደርድሯቸው። ከ40ው አሥሩ «የሒሳብ መምህሩ አይሆንልሽም ብሎኝ» ወይም «ክፍያው ብዙ ነው ሲባል ሰምቼ» ብለው ከጻፉ፣ ያ የአሥር ልጆች የተናጠል ችግር አይደለም፤ ከመምህራን ስብሰባ ወይም ከወላጆች ጋር በሚደረግ አንድ ከሰዓት ሊታረም የሚችል የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ነው። በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ወረቀት ደግመው ያስሞሉና ያ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ይቁጠሩ።